ብርድ ተሸክሞ ወደ ሸዋ ሮቢት

ንጋት 12 ሰዓት፣ አዲስ አበባ

«ብርድ ከሆነ ደብረ ሲና ሞልቷል፤ ከዚህ ምን አሸከማችሁ?»

የአውቶቡሱ ረዳት ነው፤ ከብረት ጋኑ አፍ የሚወጣውን ነጭ እንፋሎት እያየ።

«ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ መሣሪያው ካልቀዘቀዘ ኮከብ አያይም» አሉት ጋሼ ምስጋናው።

«ታዲያ ብርድ የሚወድ ዕቃ ቆላ ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

«ቆላው አሁን ደመና የለውማ!»

ጋሼ የፊዚክስ መምህር ናቸው። እኔ ግጥም እሞካክራለሁ፤ ለዛሬ የመሣሪያው ሳጥን ተሸካሚ ነኝ። ጋኑ ለአንድ ሌሊት ብቻ ይበቃል።

4 ሰዓት፣ ደብረ ሲና

ጭጋግ፣ ቆሎ፣ ጋቢ የደረበ ተሳፋሪ። ጋሼ ያስረዱኛል፦ ከቀይ ቀጥሎ ዓይን የማያየው ብርሃን አለ፤ አቧራ ብዙም አይጋርደውም። በእሱ የጎረቤት ጋላክሲ ያረጁ ኮከቦች አንድ በአንድ ይለካሉ።

«ጎረቤቱ ምን ያህል ይርቃል?»

«ብርሃኑ ከተነሣ መቶ ስልሳ ሺህ ዓመት።»

ከእንዲህ ያለ ጎረቤት እሳት አይጫርም።

7 ሰዓት፣ ሸዋ ሮቢት

ቁልቁለቱ ጆሮ ደፍኖ አወረደን። ሙቀት፣ ዝንብ፣ የፓፓያ ክምር። ሽሮ ያቀረቡልን የምግብ ቤቷ ባለቤት እትዬ ዘውዲቱ ሳጥኑን ሸሽተው ቆሙ።

«ወደ ታችም ያያል?»

«ወደ ሰማይ ብቻ፣ እትዬ።»

«ተመስገን» አሉና ሽሮ ጨመሩልን።

9 ሰዓት፣ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት

መሣሪያውን ለመትከል የሊቀ መንበሩ ማኅተም ያስፈልጋል። ጋሼ ስለ አቧራውም ስለ ርቀቱም አስረዱት።

«ከአቧራ ጀርባ ያያል አሉ። ከማሽላ አገዳ ጀርባስ? ከብሔራዊ ውትድርና የኮበለሉ ጎረምሶች እዚያ ተሸሽገዋል። አንዴ ወደ ማሳው ያዙሩልኝ፣ ማኅተሙን እመታለሁ።»

«ሰው አያይም፣ ጓድ። የሰው ሙቀት እሱ የሚያየው ዓይነት ብርሃን አይደለም።»

«መቶ ስልሳ ሺህ ዓመት ማዶ ያለ ኮከብ እያየ፣ እዚሁ ቀወት ወረዳ ያለ ጎረምሳ ካላየ የአድኃሪ ዕቃ ነው!»

ከመሳቢያው በታይፕ የተመታ ወረቀት አወጣ።

«እንግዲያው ባያይም ግድ የለም። ስማቸውም፣ የማን ልጅ እንደሆኑም፣ የተደበቁበትም ማሳ ተጽፏል። ‹በሳይንስ ተረጋግጧል› ከሚለው ሥር ይፈርሙልኝ።»

አንደኛ ተራ ላይ የእትዬ ዘውዲቱ ልጅ ነበር። ጋሼ አነበቡት፤ ከዚያ ጋኑን አዩ። እንፋሎቱ ሳስቷል።

«ካልፈረሙ ዛሬ ኮከብ የለም።»

«ለአንዲት ኮከብ እንኳ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም» አሉና ጋኑን አንሥተው ወጡ።

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን ወደ እኔ አዞረ።

«አንተስ? ሥራህ ምንድን ነው?»

«ግጥም እጽፋለሁ።»

«በል እንግዲያ፣ መዋሸት ታውቅበታለህ። ና፣ ፈርም።»

ሳጥኑን ተሸከምኩ። እጅ ስላልተረፈኝ በሩን በእግሬ ዘጋሁት።