ሁለት በርሜል ዘይትና ያላለቀች ጀልባ

በክርክር የረታኝን ሰው የማመስገን ልማድ የለኝም። ብዙውን ጊዜ ወደ ቤቴ ተመልሼ፣ መደርደሪያዬን እያገላበጥሁ፣ እርሱን የሚያሳፍር አንድ መጽሐፍ እፈልጋለሁ። መጽሐፍ ለፈለገው ሰው ሁሉ ስለሚመሰክር አጥቼ አላውቅም። ስለዚህ አንዲትን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ያውም ያሸነፈችኝን፣ ላመሰግን መቀመጤን የሚያውቁኝ ሰዎች ቢሰሙ «አሞታል» ይላሉ።

ነገሩ የሆነው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የጀልባ ሠሪ ግቢ ውስጥ ነው። ባለ ግቢውን ሐጂ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም ሁሉ የሚጠራቸው እንዲሁ ነው። አባታቸውም አያታቸውም ጀልባ ሠሪና ዓሣ አስጋሪ ነበሩ። ከግሽ አባይ ሰፈር በእግሬ እየመጣሁ ከዋርካቸው ሥር መቀመጥ ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። እሳቸው ይጠርባሉ፣ እኔ አነባለሁ። የእኔን ሥራ እንደ ሥራ አይቆጥሩትም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አንዳንድ ቀን አልቆጥረውም።

በዚያ ዓመት ሐጂ ከደሴቶቹ ባንዱ ላለ ገዳም የዋንዛ ጀልባ እየሠሩ ነበር። የገዳሙ አሮጌ ጀልባ ውሃ ማስገባት ከጀመረች ቆይታለች፤ አንዱ መነኩሴ ሲቀዝፍ ሌላው በጣሳ እየቀዳ ያፈስሳል። እህል የሚገባው፣ የታመመ ሰው ወደ ከተማ የሚወጣው በእሷ ነው። ስለዚህ አንድ አባ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ እያሉ፣

«ሐጂ፣ ደረሰች?» ይላሉ።

«አባ፣ እርስዎ ይጸልዩ፣ እኔ ልጥረብ።»

«በጸሎት ቢሆንማ ባለፈው ዓመት ባለቀች!»

ጀልባ ውሃ ከመግባቷ በፊት ዘይት ትጠጣለች። አነጋገሩ የሐጂ ነው። ዘይት ያልጠጣ ጣውላ ውሃ ይጠጣል፣ ውሃ የጠጣ ጣውላ ደግሞ ይበሰብሳል። ዘይቱ የተገኘው ነው፤ የተቃጠለ የመኪና ዘይት፣ ሲገኝ ደግሞ ከአሮጌ ትራንስፎርመር የወጣ። ያን ጊዜ ከአንድ የአሮጌ ብረት ነጋዴ ሁለት በርሜል የትራንስፎርመር ዘይት ገዝተው ነበር። የአንዱ ቀጭን፣ የጠራ፤ የሌላው ወፍራም፣ ሽታውም ለየት ያለ።

የትራንስፎርመር ዘይት በዚህ አገር ሌላም ማዕረግ አለው፤ ለጉልበትና ለወገብ ይታሻል። ሐጂ ጉልበታቸውን ያሹበታል። እኔም ለወገቤ በሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ሞልቼ ወስጃለሁ። ስለ ሕክምና ታሪክ ስንቱን ያነበብሁ ሰው፣ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ የወረደ ዘይት ወገቤን እንደሚያድንልኝ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ተቀበልሁ። ተጠራጣሪነቴ የሚሠራው በመንግሥት ላይ ብቻ ነው።

ያቺ ያሸነፈችኝ ባለሙያ የመጣችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ከአንድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ናት፤ የሐይቁን ዳር በሜትር እየለካች ስታልፍ በርሜሎቹ አጠገብ ቆመች።

«ሐጂ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነዋ፣ ልጄ።»

«የምን ዘይት?»

«የጀልባ።»

«ከጀልባ በፊትስ?»

ሐጂ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ መጽሐፌ አየሁ።

«የትራንስፎርመር» አሉ።

ሜትሯን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ረጋ ብላ አስረዳችን። አንዳንድ የድሮ ትራንስፎርመሮች ውስጥ የማይነድ፣ የማይበሰብስ ኬሚካል ነበረ። ሐይቅ ከገባ ከጭቃው ወደ ዓሣው ስብ፣ ከዓሣው ወደ ሰው ይሄዳል፣ ከገባበትም በቀላሉ አይወጣም። ሁሉም ትራንስፎርመር ያ ኬሚካል የለውም፤ በማየትም በማሽተትም አይለይም። «ስለዚህ አደገኛ ቆሻሻ ይሁን አይሁን እስኪለይ በርሜሎቹን ማንም አይንካ። ጀልባዋም ውሃ እንዳትገባ» አለች።

«ጀልባዋ ደግሞ ምን አደረገች?»

«ጠጥታለች አይደል?»

ሐጂ ወደ ጀልባዋ ዞሩ። የዓመት ሥራቸው ዋርካው ሥር ተጋድሞ ነበር።

እኔ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። ዋናው ነጥቤ ይህ ነው፦ ሕጉ የሚገዛው ቆሻሻን ነው፤ ቆሻሻ ማለት ባለቤቱ የጣለው ነገር ነው፤ ሐጂ ዘይቱን አልጣሉም፣ ፈልገው የገዙት ዕቃ ነው፤ ስለዚህ ቆሻሻ የለም፣ ቆሻሻ ከሌለ አደገኛ ቆሻሻ ከየት ይመጣል? የጥንት ፈላስፎችን ሳይቀር ጠራሁ። በማግስቱ ስትመጣ ሰጠኋት። በርሜሉ ላይ ተደግፋ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ብርቅ ስለሆነ ያን ጊዜውኑ ልቤ በትንሹ ሸፈተ።

«ጋሼ፣ ደስ የሚል ጽሑፍ ነው» አለች። «ዘይቱ ግን ማንበብ አይችልም።»

ሐጂ ሳቁብኝ። ለምን እንደምከራከርላቸው የረሱ ይመስላሉ።

«ዘይቱ ለሐጂ ዕቃ ነው፣ ለጣለው ሰው ግን ቆሻሻ ነው» ቀጠለች። «ቆሻሻ ሆኖ ወጥቶ ሐጂ ግቢ ሲገባ ክርስትና አይነሳም።»

«እኔ ግቢ ደግሞ ክርስትና!» አሉ ሐጂ።

«ይሁን ቆሻሻ» አልሁ፣ ከአንዱ ምሽግ ወደ ሌላው እያፈገፈግሁ። «አደገኛነቱን ማን ወሰነ?»

«ገደብ አለው። ከሚሊዮን እጅ ሃምሳ እጅ።»

«ሃምሳ ሲሆን መርዝ፣ አርባ ዘጠኝ ሲሆን ቅባት?»

«አርባ ዘጠኝም ቅባት አይደለም። ግን አንድ ቦታ መስመር ካልተሰመረ ሐጂ የሚዳኙት በእኔ ስሜት ነው። ዛሬ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም። ያንን ይመርጣሉ?»

ይህን መልስ ቤቴ ወስጄ ብዙ ቀን መጽሐፍ አገላበጥሁበት፤ ማፍረሻ አላገኘሁለትም። ዕድሜዬን ሙሉ በቢሮ መስመርና በቁጥር ስቀልድ ኖሬያለሁ። ቁጥሩ ከባለሥልጣኑ ስሜት የሚጠብቀን አጥር ሊሆን እንደሚችል አንዲት ቁርስ ያልበላች ሴት አሳየችኝ።

ናሙናውን ስትወስድ ቀጭን የመስታወት ቧንቧ እስከ በርሜሉ ወለል አወረደች። «ከላይ ብቻ የተቀዳ ይዋሻል» አለች። ከየበርሜሉ ጥቂት ጥቂት ጠብታ በየራሱ ትንሽ ብልቃጥ ጨምራ፣ የመመርመሪያ ፈሳሽ ቀላቅላ በጠበጠች። የቀጭኑ ሐምራዊ ሆኖ ቀረ። የወፍራሙ ቀለም ግን ዓይናችን እያየ ሳሳ፣ ሳሳና ጠፋ።

«ቀለሙ ከጠፋ ጥርጣሬ አለ ማለት ነው። ጥርጣሬ ብቻ ግን። ጨውም ይህን ሊያደርግ ይችላል።»

«ጨው ቢሆንስ?» ብዬ ዘለልሁ።

«ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ የምልከውም ለዚያ ነው።»

ልትደብቀው ትችል የነበረውን ነገር ራሷ ስለነገረችኝ የምጮኽበት አጣሁ።

ውጤቱ አንድ ወር ቆየ። በመካከሉ አባ መጡና በጀልባዋ ዙሪያ የታሰረውን ቢጫ ገመድ አዩ።

«ጀልባም ይታሰራል እንዴ?»

«ጠጥታ ተገኘች፣ አባ።»

አባ ሳቁ፤ ሐጂ ግን አልሳቁም። አሮጌዋ ጀልባ በዚያ ሳምንት ከሁለት ሰው በላይ መያዝ እንዳቃታት ሰምተው ነበር።

ባለሙያዋ ወረቀቱን ይዛ ስትመጣ ፊቷ ቀድሞ ነገረን። የቀጭኑ ከገደቡ በታች። የወፍራሙ ከገደቡ በላይ፣ እጅግ በላይ። «አሁን ጥያቄው አንድ ነው» አለች። «ጀልባዋ የተቀባችው ከየትኛው በርሜል ነው?»

ይህን ከሐጂ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ ዋርካው ጀርባ ወሰድኋቸው።

«ከቀጭኑ ነው ይበሉ።»

«ከቀጭኑ ብቻ?»

«ማን አየዎት?»

«አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ አልነበር?»

«እያነበብሁ ነበራ።»

«ጉድ ነው! ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብህ ይህን ልትመክረኝ ነው?» አሉ። «የዚህን ሐይቅ ውሃ አባ ይጠጡታል። ዓሣውን እኔ እበላዋለሁ። ማንን ነው የማታልለው?»

ትተውኝ ወደ ባለሙያዋ ሄዱ። የተናገሩትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«ልጄ፣ እኔ ወፍራሙን በቀጭኑ ሳላለዝብ ቀብቼ አላውቅም። ወፍራሙ ብቻውን ጣውላው ውስጥ አይሰርግም፣ ቀጭኑ ብቻውን ይሰርግና ወዲያው ይደርቃል። ለሁለት በተቆረጠ ግማሽ በርሜል ውስጥ እኩል እኩል አድርጌ ነው የቀባሁ። አባቴም እንዲህ ነበር፣ በዚህ ዳር ያለ ጀልባ ሠሪ ሁሉ እንዲህ ነው።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «መቀላቀል አያነጻውም፣ ሐጂ። ሕጉ ድብልቁን በክፉው ስም ነው የሚጠራው።»

«እንግዲያ ጀልባዋ ቆሻሻ ናት?»

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው እንደዚያ በቀስታ ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። «አዎ» ብላ አንድ ቃል ጽፋ መሄድ ትችል ነበር። ሕጉም አይወቅሳትም፣ አለቃዋም አይቆጣትም። እኔ ብሆን በቦታዋ እንደዚያ አደርግ ነበር፤ ከዚያም ስለ ሰው ልጅ መከራ አንድ ጥሩ ጽሑፍ እጽፋለሁ።

እሷ ግን፣ «ምን ያህሏን ቀቡ?» አለች።

«ሆዷን። ከመካከሏ ወደ ኋላ። ከዚያ ጉልበቴ ያዘኝና ተውሁት።»

«ቀሚሴን ላሸርጥ» ብላ ከጀልባዋ ሥር በደረቷ ገባች። ከየጣውላው በመሮ ትንሽ ትንሽ ፍቅፋቂ ታነሳለች፣ መሮዋን ትወለውላለች፣ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ካልተቀባውም ጭምር። እኔ ከረጢት ያዥ ሆንሁ፤ በየከረጢቱ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ። ሐጂ ጣውላዎቻቸውን እንደ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ያስተዋውቋታል። «ይህ ከጢስ ዓባይ የመጣ ነው፣ ልጄ፤ ጠንካራ ነው፣ መሮው እንዳይሰበርብሽ።» ከሰዓት በኋላው በሙሉ በዚህ አለቀ። ስትወጣ ፀጉሯ የእንጨት ብናኝ ለብሷል።

ሁለተኛውን ውጤት ይዛ የመጣችው ጠመኔ ጨብጣ ነው። ምንም ሳትል ጀልባዋን ዞረች፣ ጣውላዎቹ ላይ ምልክት አደረገች፣ ቆጠረች።

«አሥራ አንድ» አለች። «እነዚህን ያውጡ። ሌላው ጤነኛ ነው።»

ሐጂ የቆሙበት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ጠረጉ።

ወረቀቱን እኔ አነበብሁት። በአደገኛ ቆሻሻነት የተፈረጁ ዕቃዎች፦ አንድ በርሜል ዘይት፣ አንድ ግማሽ በርሜል ከነድብልቁ፣ ሁለት የቀለም ቡሩሽ፣ አሥራ አንድ የዋንዛ ጣውላ። «ጀልባ» የሚል ቃል የለበትም። ብዙ የተመሰገነ ጽሑፍ አንብቤ አውቃለሁ፤ አንድ ቃል በመተው ብቻ እንደዚያ ያስደሰተኝ ግን አላጋጠመኝም።

«ሌላ የቀረ አለ?» አለች።

ሐጂ ወደ እኔ አዩ፤ ይህን ጊዜ መጽሐፍ አልያዝሁም። በባጃጅ ቤቴ ሄጄ የሳል ሽሮፑን ጠርሙስ አመጣሁ። ለምን እንደሆነ ስነግራት አልሳቀችም። ወገቤን ምን ያህል ጊዜ እንዳሸሁት ጠየቀችኝ፣ ለሐኪም እንድናገር አዘዘችኝ፣ ሐጂንም እንዲሁ። ከዚያ ጠርሙሱን አሽጋ ቅጽ ሰጠችኝ። «ቆሻሻ አመንጪ» በሚለው መስመር ላይ ነው የምፈርመው። በስንት መጽሐፍ ላይ በደራሲነት ፈርሜያለሁ፤ ያን ቀን ግን የፈረምሁበት ማዕረግ ትክክለኛው ሳይሆን አይቀርም።

አሥራ አንዱን ጣውላ ሐጂ በእጃቸው ነቀሉ፤ በወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልለው፣ ከበርሜሎቹ ጋር ተጭነው ሄዱ። ቀጭኑንም ወሰደችው፤ «ከገደብ በታች ነው ማለት ለሐይቅ ይሆናል ማለት አይደለም» ብላ። አዲሶቹን ጣውላዎች የቀቡት በተልባ ዘይት ነው።

«ጀልባ ነው የምሠራው ወይስ ወጥ?» እያሉ ሳምንት ሙሉ አጉረመረሙ።

አባ ግን ደስ አላቸው። «ለገዳም ጀልባ የጾም ዘይት መሆኑ ደግ ነው» አሉ።

ጀልባዋ ውሃ የገባችው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ስምንት ሰው ገፋት። ሐጂ ዘልለው ገቡና የወለሉን ርብራብ አንስተው እጃቸውን ከሥሩ ሰደዱ። አባ፣ እኔ፣ የገፉትም ሰዎች፣ ሁላችንም ያንን እጅ እንጠብቅ ነበር። አወጡትና መዳፋቸውን አሳዩን። ደረቅ ነበር።

«ለልጅቷ ደውልላት» አሉኝ።

ደወልሁ። ውሃ ታስገባ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አታስገባም አልኋት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና ያለችበትን ነገረችኝ። ጎርጎራ ናት። እዚያ አንድ ጀልባ ሠሪ ሦስት በርሜል አለው፤ አልቀላቅልም ብሎ ይምላል፤ እሷም እንዳላመነችው ስለገባው አኩርፎ ግቢውን ዘግቶባታል።

ለሐጂ ነገርኋቸው። ከጀልባዋ ወረዱ፣ እግራቸውን አራገፉ፣ ጫማቸውን ፈለጉ።

«አባ፣ ወደ ጎርጎራ የሚሄደው ጀልባ መቼ ነው?» አሉ። «ያን ሰውዬ እኔ ላናግረው። ጀልባ ሠሪ የሚሰማው ጀልባ ሠሪን ነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ና። ግን እዚያ ስንደርስ አፍህን እንዳትከፍት።»

ሄድሁ። አፌንም አልከፈትሁም።