ቀላል ቤት

ማክሰኞ፣ በጥቅምት አጋማሽ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወንድሜ ሲያትል ውስጥ፣ ሬኒየር ቢች በተባለው ሰፈር በሚገኝ የመሰብሰቢያ አዳራሽ ቆሞ «ቤቱ ቀላል ነው» አለ። ከፊት ረድፍ ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች ተነስተው ወጡ።

እኔ ከኋላ ነበርኩ። የሄድኩት እንደ ጋዜጠኛ አልነበረም። ስለ ዘመዶቼ አልጽፍም፤ ወንድሜ ስለነደፈው ሕንጻም አንድ መስመር አልዘገብኩም። ወንድሜ «ዝም ብለሽ ከኋላ ቁጭ በይልኝ» ስላለኝ ብቻ ነው የሄድኩት። ቤት በተቃጠለበትም፣ ፍርድ በተነበበበትም ቦታ ቆሜ ሰው አነጋግሬያለሁ፤ ድምፄ አይንቀጠቀጥም። ያን ቀን ግን ሁለቱንም እጆቼን ጭኔ ሥር አድርጌ ነበር የተቀመጥኩት።

ወንድሜ አርክቴክት ነው። ትምህርቱንም የመጀመሪያ ሥራውንም ያገኘው ኖርዌይ ነው። ከልጅነቱ አማርኛ ያልተለየው ቢሆንም የሙያ ቋንቋው ግን አማርኛ አይደለም። እሱ በሠራበት አገር ለአንድ ቤት «ቀላል ነው» ማለት ትልቅ ምስጋና ነው። የተንዛዛ ነገር የለበትም፣ እንጨቱ እንጨት ነው፣ መስኮቱ ብርሃን ያለበትን አውቆ ይቀመጣል ማለት ነው። በእኛ ጆሮ ቀላል ሌላ ነው። ቀላል ሰው አለ፤ ቀላል ዕቃ አለ፤ ነፋስ የሚወስደው ነገር አለ። «ቀለል ያለ» ቢል ኖሮ ማንም አይነሳም ነበር። ከኋላ ሆኜ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሰማሁት፤ መመለሻ አልነበረውም።

አንዱ አዛውንት በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ ሌላ ሰፈር ሲሆን ጠንካራ፣ እኛ ሰፈር ሲሆን ቀላል ማለት ነው ብለው ወጡ። አዳራሹ ውስጥ የቀሩት ሳቁ። ሳቁ ከቁጣው የባሰ ነበር።

የሚያሳስበኝ ስብሰባው ራሱ አልነበረም። ሕንጻው ከታች ሦስት ሱቆች፣ ከላይ አፓርታማዎች ያሉት ነው። ወንድሜ ሲያትል ከመጣ ወዲህ የሚሠራበት ቢሮ በእሱ መሪነት ያሠራው የመጀመሪያ ሥራ ነው። በመንገዱ በኩል ያለው ፊት በሙሉ እንጨት እንዲሆን ነድፎታል፤ ከዓመታት በኋላ በዝናቡ ግራጫ የሚሆን እንጨት። መስኮቶቹ ወደ ውስጥ ገባ ይላሉ፤ ደፋቸው ላይ ሰው ይቀመጥባቸዋል። ከሱቆቹ በላይ ደግሞ ቆሞ ዝናብ ማሳለፊያ የሚሆን ሰፊ ክፈፍ አለ። ገንዘቡን የሚያወጡት ባለሀብት ንድፉን አልጠሉትም። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር ሱቅ ያከራያል ወይ? ሦስቱም ሱቆች የግድግዳ ልባስ ከመታዘዙ በፊት ተከራይ ካገኙ እንጨቱ ይቆያል። አንዱ እንኳ ባዶ ከቀረ፣ ፊቱ ከተማውን እንደሞሉት አዳዲስ ሕንጻዎች ሁሉ በፋብሪካ ሰሌዳ ይለበጣል፤ መስኮቶቹም ወደ ውጭ ይወጣሉ። ያኔ ስሙን ከንድፉ ላይ እንደሚያስወጣ ወንድሜ ነግሮኛል። ስሙን ካስወጣ ቢሮው ሌላ ሕንጻ አይሰጠውም። ይህንን እሱ አልነገረኝም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ሁለቱ ሱቆች ተይዘው ነበር፤ አንዱን ፀጉር አስተካካይ፣ ሌላውን ስልክ ጠጋኝ ወስደውታል። የቀረው የማዕዘኑ ሱቅ ነው፤ ትልቁ። እሱን ይወስዳሉ ተብለው የሚጠበቁት ሴንትራል ዲስትሪክት በተባለው ሰፈር ለረጅም ጊዜ የሀበሻ ቀሚስ ሲሸጡ የኖሩ፣ የኪራይ መወደድ ከዚያ ያስወጣቸው ወይዘሮ ናቸው። ተነስተው ከወጡት ሦስት ሰዎች አንዷ እሳቸው ናቸው።

ፓርኪንጉ ላይ ደረስንባቸው። ዝናብ ነበር። ወንድሜ ይቅርታ ሊጠይቅ ሲጀምር አቋረጡትና ስለ ሥዕሉ ጠየቁት። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ባሳየው የሕንጻው ሥዕል፣ ከሕንጻው ፊት የሚሄዱት ሰዎች ሁሉ ረጃጅም፣ ፀጉራቸው ቢጫ፣ አንዱም ብስክሌት የሚገፋ ነበር።

«እኛን የት ደበቅኸን?» አሉት።

ሰዎቹ ከኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ጋር አብረው የሚመጡ መሆናቸውን አስረዳ። እውነቱን ነው። እሳቸው ግን፣ ከእነዚህ ይልቅ አህያ ብታስገባበት ይሻል ነበር፣ አህያስ ጭነት አላት አሉ። ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገቡና መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ የኔ ልጅ፤ ክፉ ቤት ነው አላልኩም። ዝም ያለ ቤት ነው። ጨዋ ቤት በለው፣ እሺ። ግን ጨዋም ሰው ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል። ያንተ ቤት አቤት አይልም።»

የፈለጉት ማስታወቂያ ነው፤ በእሳቸው አነጋገር፣ ሳይን። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የአውቶቡስ ፌርማታ ሲታይ ቀሚስ ቤት መሆኑ መታወቅ አለበት፤ መኪና ያለውም አይቶ ፓርክ ማድረግ አለበት። ወንድሜ በንድፉ የፈቀደው ግድግዳው ላይ የተለጠፈ፣ ለሦስቱም እኩል የሆነ ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ብቻ ነው። ለአንዱ ከተፈቀደ ለሌላውም ይፈቀዳል፣ በመጨረሻ ቤቱ አይታይም ሲል ተከራከረ።

«ቤት ሊያይ ማን ይመጣል? ቀሚስ ነው የሚገዙት» ብለው መስኮቱን ዘጉ።

በቀጣዮቹ ቀናት ወንድሜ እኔ ቤት ይመጣና ምግብ ሳይጨርስ ይሄዳል። ባለሀብቱ የልባሱን ትዕዛዝ በወሩ መጨረሻ እንደሚያስገቡ አስታውቀው ነበር። የማዕዘኑን ሱቅ ዋይት ሴንተር ሰፈር ያለ ሌላ ነጋዴ ቢይዘውስ አልኩት፤ ጠይቆ ነበር፤ ሰውየው መልስ አልሰጠም። ልጅ ሳለ ሲጨንቀው የጆሮውን ጫፍ ይቆነጥጥ ነበር። አሁንም ይቆነጥጣል፤ አላወቀም እንጂ ቀልቶ ነበር። እኔም የሥራዬን ጽሑፎች ደጋግሜ ማረም አመጣሁ፤ የተረጋገጠውን ስም መልሼ አረጋግጣለሁ።

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ካርቶን ይዞ መጣ። ካርቶኑን በማስታወቂያ ሰሌዳ ቅርጽ ቆርጦታል። ግድግዳው ላይ የሚለጠፍ ሳይሆን፣ ከክፈፉ ጫፍ ወደ መንገዱ ጎን ለጎን የሚወጣ ቁመታም ሰሌዳ ነው። እንጨቱን አይሸፍንም። ሦስት ሰሌዳዎች አንድ ልክ ይኖራቸዋል፤ ቀለሙን ግን እያንዳንዱ ሱቅ ራሱ ይመርጣል። ስለ ቀለሙ ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

ወደ ግንባታው ሄድን። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ካርቶኑን በረጅም ዘንግ ወደ ላይ ያዝኩ። እሱ ወይዘሮዋን ከቤታቸው አምጥቶ ፌርማታው ላይ አቆማቸው፤ በስልክ ያናግሩኛል። ልጃቸውም አብራቸው ነበረች፤ በእንግሊዝኛ ብርድ ነው ስትል ይሰማኛል።

«ከፍ አድርጊው እንጂ» አሉኝ።

ከፍ አደረግኩት።

«አሁን ያንቺ ጭንቅላት ይታየኛል።»

ጎንበስ አልኩ። አውቶቡስ መጥቶ መሐላችን ቆመ፤ ሄደ። ካርቶኑን መልሼ አቀናሁት። 

«ቀዩን ነው የምፈልገው» አሉ። «የጥለቱን ቀይ። ሌላ ቀይ አልቀበልም።»

እሺ ማለታቸው ይሁን አይሁን አላወቅንም። ወንድሜ ሊጠይቃቸው ሲል፣ ልጄን ላማክር አሉት። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ ነበር።

ሰኞ አልደወሉም። ማክሰኞም። ወንድሜ ኮል ላድርግላቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አታድርግ አልኩት፤ ትክክል ልሁን ልሳሳት አላውቅም ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ከቢሮው ወጥቶ መጣና ወይዘሮዋ እንደፈረሙ ነገረኝ። ደስታ አልነበረውም። ባለሀብቱ ውሉን ከተቀበሉ በኋላ፣ የእንጨቱ ዋጋ እንደጨመረ፣ ከፋብሪካው ሰሌዳ ጋርም ገና እያወዳደሩ እንደሆነ ተናግረዋል። ቃላቸውን አላፈረሱም፤ አላጸኑትምም። የሚታዘዘው ልባስ እንጨቱ ይሁን ወይስ የፋብሪካው ሰሌዳ፣ ማንም ለወንድሜ አልነገረውም። ለባለሀብቱ ሊደውል ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲህ ወደ ሥራ ስሄድ መንገዴን በዚያ በኩል አደረግኩ። የሕንጻው ፊት በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ነፋስ ሲመጣ ላስቲኩ ይነፋል፤ ከሩቅ ቤቱ በእርግጥ ቀላል ይመስላል። ከአጥሩ ውስጥ ያሉትን ሠራተኞች ፊቱ በምን እንደሚለበጥ ጠየቅኩ፤ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ የፋብሪካ ሰሌዳ ነው አለኝ። ከየት እንደሰማ ስጠይቀው፣ ሁልጊዜ ሰሌዳ ነው አለ። ያ ማስረጃ አይደለም፤ ለወንድሜ አልነገርኩትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የጭነት መኪና በአጥሩ በር ገባ። ሹፌሩን ምን እንደጫነ ጠየቅኩት። ለፊቱ ግድግዳ የሚለበጥ እንጨት ነው አለኝ። ሸራውን እስኪያነሳ ቆምኩ። እንጨት ነው።