ተቀባይ የሌለው ነጥብ

በዚያ የካርታ ሥራ እንደተበሳጨሁ በሌላ ነገር ተበሳጭቼ አላውቅም። ሐሳቡ ሲነገር ያምራል፤ ኢንተርኔት ላይ የአገሩ ካርታ ይዘረጋል፣ ነጥብ ሲነኩ የዚያ አካባቢ ዘፈን ይሰማል። አዲስ አበባ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ጀመሩት፤ እኔ ቆቦ ኮምፒውተር አስተምር ስለነበር የራያ ቆላን ለእኔ ሰጡኝ።

አስቀድሜ ላስገባው የፈለግሁት የአባቴን ድምፅ ነበር። አባቴ ከጎብዬ ወጣ ባለች መንደር የማሽላ ውቂያ ዘፈን አውራጅ ነው። ያን ዓመት ግን ጉሮሮውን እያመመው ድምፁ መሻከር ጀምሮ ነበርና፣ ሳይጠፋ ልያዘው ብዬ ተጣደፍኩ። ማሽላው ገና እንደቆመ፣ በጥቅምት፣ ስልኬን ደቅኜ ፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ እስቲ አንዱን ዝፈንልኝ።»

«ማን ሊቀበለኝ?» አለኝ።

በእኛ አገር አውራጅ ስንኙን ይጥላል፣ ተቀባዮቹ ያነሱታል፣ እሱም እስኪጨርሱ አፉን ይዞ ይጠብቃል። ሳይጨርሱ ቀጣዩን የጀመረ ሰው «ተቀባይ ረገጠ» ይባላል፤ ትልቅ ነውር ነው። ብቻውን የሚዘፍንማ ወይ ከብት ጠፍቶበታል ወይ ልቡ ተነክቷል።

ስለዚህ ውቂያ እስኪደርስ ጠበቅሁ። ከአዲስ አበባ በየሳምንቱ «የራያስ?» እያሉ ይደውላሉ። «ማሽላው አልደረሰም» ስላቸው ይስቃሉ።

በታኅሣሥ ደረሰ። ወንዶቹ አውድማው ላይ በሁለት ረድፍ ተፋጠው ዱላቸውን አነሱ። አባቴ አወረደ፣ እነሱ ተቀበሉ፣ ዱላውም በተቀባዩ ድምፅ ላይ አረፈ። ከፊት የቆሙት ዕድሜ ልካቸውን ለአባቴ የተቀበሉት ሙስሊሙ ጎረቤታችን ናቸው፤ ድምፁ ሲሰበርበት ቀደም ብለው እየተነሱ ይሸፍኑለታል። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ሲያዩኝ ገለባው ነው አልኩ።

ቅጂውን ለመላክ የቆቦን ኢንተርኔት ቤት ሁሉ አዳረስኩ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ይጠፋል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል። ቢቸግረኝ አዲስ አበባ ለሚሄድ ዘመድ በፍላሽ ሰጠሁት።

ነጥቧ ካርታው ላይ ወጣች ሲሉኝ፣ አብረን እንድንሰማ ብዬ በገበያ ቀን አባቴንና የውቂያ ጓደኞቹን ጎብዬ አንድ ሻይ ቤት ሰበሰብኩ። ነካኋት።

የአባቴ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። ስንኙን ጨረሰ፣ ወዲያው ሌላ፣ ወዲያው ሌላ። ተቀባዮቹ የሉም። አዲስ አበባ ያሉት ቆርጠው ጥለዋቸዋል።

«ምነው ሳ፣ እኛስ?» አሉ ጎረቤታችን። ከዚያ ልማድ አሸነፋቸው መሰል፣ ለስልኩ መቀበል ጀመሩ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ስልክ መች ይጠብቃል! ግማሽ ሳያደርሱ ቀጣዩን ስንኝ ይዞ ይነጉዳል።

አባቴ ጠረጴዛውን መታና በገዛ ድምፁ ላይ ጮኸ፤ «ጠብቅ እንጂ! ሰው እየተቀበለህ!»

ጎረቤታችን «ወላሂ፣ የማሽኑ ጥፋት ነው» ቢሉትም አልሰማቸውም። «ተቀባይ ረግጬ አላውቅም። አጥፋልኝ» ብሎኝ ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ።

እዚያው ሆኜ አዲስ አበባ ደወልኩ። ድምፁን ያስተካከለው ጓደኛዬ ጭራሽ ኮርቷል። «ድግግሞሹ እንዳያሰለች አወጣሁት፤ ያባትህ ድምፅ እንዴት ነጥሮ እንደወጣ አየህ?» ዋናውን መልስ አልኩት፣ ካርታው ረጅም ቅጂ አይቀበልም አለ። አጥፋው አልኩት፣ ብዙ ሰው የሚሰማው እሱን ነው አለ። ብለምን፣ ብሳደብ ነጥቧ ወይ ፍንክች።

በዓመቱ ውቂያ ሲደርስ የአባቴ ድምፅ ጨርሶ ሄዷል፤ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣውም። ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ አውድማው ጫፍ ተቀመጠ። ሌላ አውራጅ ሞከረ፣ ዱላው አልገጥም አለ። ያኔ ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረው «ያንን ስልክ አምጣው እስቲ» አሉኝ። አባቴን አየሁት፤ አቀርቅሯል።

ነጥቧን ነካሁ። አንድ ስንኝ እንዳለቀ ዘፈኑን በጣቴ አቆምኩት። ተቀበሉ፣ ዱላው ወረደ። ለቀቅሁት፣ አቆምኩት፣ ተቀበሉ። ገለባው ተነሣ፣ ሥራው ሞቀ። እኔም ሞቀኝ መሰለኝ፣ የተቀባዮቹ የመጨረሻዋ ድምፅ ሳታርፍ ጣቴ ቀድሞ ለቀቀው።

ከኋላዬ አባቴ በዚያች ሹክሹክታ «ጠብቅ እንጂ» አለኝ።