የእናቴ ስለትና የጃፓኑ ሞተር

በልጅነቴ «መኪና አላችሁ?» ሲሉኝ «አለን» እል ነበር። አልዋሸሁም፤ ትሄዳለች ወይ ብሎ የጠየቀኝ ስለሌለ ነው። ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ከፍ ብሎ ባለው ግቢያችን ጥግ፣ በሸራ ተሸፍና የኖረች አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነበረችን። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው፤ ቁመቷም ከወገቤ አይበልጥም። አባቴ ሀገሩ ሊገባ ሻንጣውን ከሸከፈ እንግሊዛዊ አስተማሪ የገዛት ጊዜ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «የቀረውን ግማሽ መቼ ያመጡልዎታል?» እያለ ቀልዶበታል አሉ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ የምትጠቅመው ለዶሮዎቻችን ነበር። እንቁላላቸውን የሚጥሉት በሹፌሩ ወንበር ላይ ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ እነሱ ይወቁ።

እናቴ ግን መኪናዋን ባየች ቁጥር የምታየው ስለቷን ነው። እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እሷና አባቴ ከእንጦጦ ማርያም ሲወርዱ፣ ፍሬን እምቢ ብሏቸው ሽቅብ ከሚመጣ አውቶብስ ጋር ከመላተም ለጥቂት ተረፉ። አባቴ መሪውን ጠምዝዞ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባ። እናቴ እዚያው ቁጥቋጦው መሃል ተንበርክካ «በዚችው መኪና ተመልሼ መጥቼ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች። ጃንጥላው በሳምንቱ ተገዛ፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ፣ ቀይ ከፋይ። መኪናዋ ተጠግና አንድ ዓመት ያህል ከተማ ለከተማ ከሮጠች በኋላ ሞተሯ ቀጥ አለ። አባቴም ሸራ አለበሳት። ጃንጥላው ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፤ አባቴ እስኪሞትም፣ ከሞተም በኋላ፣ እዚያው ኖረ።

«በታክሲ ወስደን እናስገባው» ያልኳት መቶ ጊዜ ይሆናል። «ስለት ቃሉ ነው። በዚችው መኪና ነው ያልኩት» ትላለች። አምና ጉልበቷ እምቢ ብሏት፣ ደም ግፊቷም ወጥቶ ሁለት ሳምንት ተኝታ ነበር። አንድ ቀን ሾርባ ላጠጣት ስቀመጥ፣ «ይህን ሳልፈጽም ብሞት ምን ብዬ እቆማለሁ?» ብላ አለቀሰች። እናቴ ለቅሶ ቤት ካልሆነ አታለቅስም። ደነገጥኩ፤ ስደነግጥ ደግሞ የምናደድ ሰው ነኝ። ተነሥቼ «ለጥቅምት ማርያም በዚችው መኪና ትወጫለሽ» አልኳት። ስለ መኪና የማውቀው ፊዚክስ ሳስተምር ሰሌዳ ላይ የምስለውን ያህል ነው፤ እሱም አራት ማዕዘን ሆኖ ከሥሩ ሁለት ክብ አለው።

አዲሱ ገበያ ጀርባ ጋራዥ ያለው አንድ ሜካኒክ ይዤ መጣሁ። ቦርጫም፣ ቀልደኛ፣ ሥራ ሲጀምር ብቻ ዝም የሚል ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት ቆየና ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። ለዚህች ሞተር ዕቃ ሶማሌ ተራም ቢፈለግ እንደማይገኝ፣ ቢገኝም ሁለታችንም አርጅተን እንደሚሆን አስረዳኝ። ይልቅ ከተጋጨች አሮጌ ታክሲ የወጣ ደህና የጃፓን ሞተር አለ። እሱን ከነካምቢዮው እናስገባላት፣ አለ። እኔ ወዲያው እሺ አልኩ። እናቴ በረንዳው ላይ ሆና ሰምታን ነበር።

«ሞተሯ ከተለወጠ ያቺው መኪና ናት እንዴ?» አለች።

«ማዘር፣ እርስዎ ጥርስ አስተክለዋል። ሌላ ሰው ሆኑ?» አላት ሜካኒኩ።

«በጥርሴ አልሄድም» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ የትኛውም ማስረጃ አልሠራም። የተለወጠ ጎማ ብላት፣ የተለወጠ መስተዋት ብላት፣ ጭንቅላቷን ትወዘውዛለች። በመጨረሻ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድን። አባ ጉዳዩን እንደ ዋዛ አላዩትም፤ ጽናጽላቸውን አስቀምጠው ጠየቋት።

«ስትሳዪ ሞተር ብለሻል?»

«ኧረ አላልኩም፣ አባ።»

«ታርጋዋ ያው ነው?»

«ያው ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ያቺው ናት። ስትወጡ ግን ቀስ ብላችሁ ንዱ» አሉ። እናቴ መስቀሉን ስትሳለም ፊቷ ላይ ያየሁት ደስታ ብቻ አልነበረም። ፍርሃትም አይቼበታለሁ፤ ያኔ የዳገቱ ፍርሃት መሰለኝ።

ሥራው አራት ወር ፈጀ። የጃፓኑ ሞተር ለእንግሊዟ ሆድ ረዘመ፤ የፊቱ ብረት ተቆርጦ እንደገና ተበየደ። ከዚያ ቁመቱ በዛና ኮፈኑ አልዘጋ አለ፤ በብረት ጉብታ ሠርተንለት ዘጋ። ሜካኒኩ ነገር በዘገየ ቁጥር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲለኝ፣ ከወንበሩ ሥር የለቀምኩትን እንቁላል ልወረውርበት ምንም አልቀረኝም። ያ የፍሬን ታሪክ ሌሊት በሕልሜ ይመጣ ስለነበር ፍሬኑን ሁለት ጊዜ አስቀየርኩት። ሁለተኛውን ጊዜ ሜካኒኩ «ቲቸር፣ ይቺ መኪና አሁን መሄድ አትችልም፤ መቆም ብቻ ነው የምትችለው» አለኝ። አዲሱን የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ለማስመዝገብ ስሄድ፣ የቢሮው ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጦ «አካሉ እንግሊዝ፣ ሞተሩ ጃፓን፣ ነጂዋ ጉለሌ» አለና ሳቅ እያለ ማህተሙን መታ።

ሁሉም ነገር አልቆ ለበዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረን ጥፋቱን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። በዚያ ሰሞን ቤንዚን በሰልፍ ስለነበር ያገኘሁትን በቢጫ ጀሪካን እያደረግሁ ግቢ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። እናቴ ደግሞ መኪናዋ ስትነሣ የምትረጭበትን ጠበል በቢጫ ጀሪካን አስመጥታ፣ ለመኪናዋ የመጣ ስለሆነ፣ ከመኪናዋ ዕቃ ጋር አስቀምጣዋለች። እኔ ጉንፋን ይዞኛል፤ አይሸተኝም። ቸኩያለሁ። አንሥቼ አምስቱንም ሊትር ታንከሩ ውስጥ ገለበጥኩት።

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ጸጥ አለ። እናቴ ጠበሏን ፈልጋ ባዶውን ጀሪካን ስታነሣ ነው ሁላችንም የገባን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ ችግሩ ግን ጠበል አይፈስም። እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ሜካኒኩ የታንከሩን ቡሎን ከሥር ፈትቶ መሬት ላይ ሊለቀው ሲል እናቴ እንዳልታመመ ሰው ፈጥና ደርሳ እጁን ያዘችው።

«ጠብታ መሬት አይነካም» አለች።

«ማዘር፣ ቤንዚን ነው እኮ።»

«ከቤንዚኑ ለይተህ አውጣዋ።»

እዚህ ላይ ትምህርቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ታንከሩ ውስጥ ከታች የሚቀመጠው ጠበሉ ነው፤ ቡሎኑ ቀስ ብሎ ከላላ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። እናቴ ሊጥ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ሳፋ አመጣች። ሜካኒኩ በጀርባው ተኝቶ፣ እኔ ባትሪ እያበራሁ፣ እሷ ውዳሴ ማርያም እየደገመች፣ ጠበሉን በጠብታ አወረድነው። ወደ መጨረሻው ቤንዚን ተቀላቀለበት። ሳፋውን ተሸክማ ወስዳ ከአጥሩ ጥግ፣ ሰው ከማይደርስበት ጽድ ሥር አፈሰሰችው፤ እስከ በዓሉ ድረስም በዚያ በኩል ሲጋራ ይዞ የሚያልፍ እንዳይኖር በር ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች። መኪናዋ በማግስቱ በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ከደጃችን ሱቅ ያላቸው ሐጂ በር ላይ ቆመው «ማሻአላህ» አሉ። «ከውስጧም ተባርካለች» አለች እናቴ፣ ይቅር ማለቷ ነው።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ጣራዋን አጥፈን ተነሣን። ጃንጥላው በእናቴ ጉልበቶች መሃል ቆሞ ከመስተዋቱ በላይ ይታያል። ሽሮ ሜዳ ላይ የጥበብ ነጋዴዎቹ ሥራቸውን ትተው እጃቸውን አወዛወዙልን፤ እኔም እንደ ሙሽራ አጸፋውን መለስኩ። ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ከፊታችንም ብሎኬት የጫነ የጭነት መኪና እንደ ኤሊ ይሳባል።

የእንግሊዝ መኪና መሪ በቀኝ ነው። በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ሹፌሩ ወደ ዳር ተጥሎ ስለሚቀመጥ፣ ከፊቱ ትልቅ መኪና ካለ ከወዲያ የሚመጣውን አያይም። የሚያየው በግራ የተቀመጠው ሰው ነው። እኔ አንገቴን ወደ እናቴ በኩል አስግጌ እሞክራለሁ፤ የሚታየኝ ብሎኬት ነው። ጭሱ ይገባብናል፤ የሞተሩ ሙቀትም እየጨመረ ነው።

«እማዬ፣ እዪልኝ። ይታለፋል?»

ዓይኗን ከብሎኬቱ አላነሣችም።

«ይታለፋል ወይ? የሚታይሽ አንቺ ነሽ እኮ።» ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«ፍሬኑ አልነበረም» አለች።

ምን እንደምትል አልገባኝም። ጃንጥላውን በሁለት እጇ ጨብጣ ፊት ለፊቷን እያየች ነገረችኝ። ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቅዳሴው ሳያልቅ አቻኮልከኝ ብላ አባቴን አኩርፋዋለች። ሲወርዱ ከፊታቸው የጭነት መኪና ነበር። «ይታለፋል?» አላት። እሷ ፊቷን ወደ ባሕር ዛፉ አዙራ፣ መንገዱን ሳታይ፣ «እለፍ» አለችው።

«ለሰው ሁሉ ፍሬን ነው አለ» አለችኝ። «ለእናቱም ፍሬን ነው አለ። አንድ ቀን አልተቆጣኝም። ብቻ ከዚያ ወዲያ ጠይቆኝ አያውቅም። አንገቱን አስግጎ ራሱ ያያል እንጂ ይታለፋል ወይ አይለኝም። በዚያ ዓመት ስለትሽን እናድርስ እያለ ሲለምነኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ዳገት አንገቱን ሲያሰግግ ማየት አቃተኝ።»

ንዴቴ በአንዴ ወጣልኝ። ሁለቱም አሳዘኑኝ። ጥፋቷን ደብቆላት የሞተው አባቴም፣ ተደብቆላትም ያላረፈችው እናቴም። ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ እኔም እንደ አባቴ አንገቴን ሳሰግግ እንደመጣሁ ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

ጀርባዬን ወንበሩ ላይ አሳረፍኩ። «እማዬ» አልኳት፣ አሁን በቀስታ፣ «ይታለፋል?»

ወደ ግራ ወጣ ብላ አየች። «ቆይ» አለች። ሚኒባስ ቁልቁል አልፎን ሄደ። «ቆይ።» እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወረዱ። ረጅም መታጠፊያ መጣና አለፈ። አሁንም እያየች ነው፤ እንዲህ አድርጋ መንገድ ያየች ሰው አላውቅም።

«እለፊ» አለች።

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። አንገቴ በራሱ ጊዜ ሊሄድ ሲል መለስኩት። ሳላይ ወጣሁ። የጃፓኑ ሞተር ጮኸ፣ ብሎኬቱ በቀኜ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከፊታችንም ባዶ አስፋልት ነበር። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ጃንጥላው ከቅዳሴ በኋላ ገባ። ካህናቱ ተቀብለው ሲዘረጉት አንድ ዘርፍ ብቻ ብል በልቶት ነበር። ስንመለስ እናቴ ቁልቁለቱን ሙሉ አፏን አልዘጋችም፤ ሚኒባስ መጣ፣ ቀኝሽን ያዢ፣ አሁን እለፊ፣ አሁን ቆይ። ሽሮ ሜዳ ልንደርስ ስንል በእኔ በኩል፣ ከጎማዬ ሁለት ክንድ ርቆ፣ አንድ አህያ ቆሟል።

«አህያ አለ፣ ቀስ በይ» አለች።

ከእሷ ቀድሜ አይቼው ነበር። «እሺ፣ እማዬ» አልኳትና ቀስ አልኩ።