ስድስት ቀን ያልሞላት ፍየል

አምብሮዝ ራው የሸለቋችንን የከብት ትርኢት በር ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቋል። ደመወዝ የለውም። ያለው አንድ ነጭ ካፖርት፣ አንድ የእጅ ባትሪ እና ሰው የማዋረድ ሙሉ ፈቃድ ነው። እኔ ዶርካስ ኮትስ ጎረቤቱ ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ በሩ ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ማኅተም የመታሁት እኔ ስለሆንኩ፣ የማወራው ከሰው የሰማሁትን አይደለም።

በነሐሴ መጀመሪያ ቅዳሜ በግ ወይም ላም ይዞ የመጣ ሁሉ እዚያ በር ላይ ይቆማል። የእንስሳት ሐኪሟ ከንፈር ገልጣ የአፍ ቁስል ታያለች፣ ሱፍ ፈልቅቃ እከክ ትፈልጋለች፣ እግር አንስታ ሰኮና ትመረምራለች። ቅጹን የሚቀበለው አምብሮዝ ነው። ቅጹ ባለፉት ስድስት ቀናት ወደ እርሻው የገባ በግ፣ ፍየል ወይም ከብት እንዳለ ይጠይቃል። አለ ካሉ፣ ከዚያ እርሻ አንድም እንስሳ ወደ ትርኢቱ አያልፍም፤ አዲሱ እንስሳ ይዞት የመጣው በሽታ ካለ ስድስት ቀን ውስጥ ይታያል ተብሎ ነው። ሕጉ ልክ ነው። በሽታ በገባበት በዚያ ክፉ ዓመት ከብቶቻችን በየሜዳው ተከምረው ሲቃጠሉ ያየ ሰው በሕጉ አይቀልድም፣ እኔም አልቀልድም። የምንቀው ሰውየውን ነው።

ሐኪሟ ጉድለት ስታገኝ ባለቤቱን ወደ ጎን ጠርታ ቀስ ብላ ትነግረዋለች። አምብሮዝ ግን ቅጹን ጮክ ብሎ ያነባል። አንብብ ያለው የለም፤ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ እንዲሰማለት ነው። አምና የእኔን አነበበው። አውሼው የነበረ አውራ በግ ረቡዕ ዕለት ተመልሶልኝ ነበር፤ ቀኑን ስቆጥር የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ቅጼን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «አንድ አውራ በግ፣ ረቡዕ ገባ» አለና «ወይዘሮ ኮትስ እስከ ስድስት መቁጠር አቅቷቸዋል» ብሎ ጨመረበት። ወረፋው ሳቀ። እኔም ሦስት በጎቼን እንደጫንኩ፣ አሥራ አራት መኪና ወደ ኋላ እስኪልልኝ ድረስ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ተሳቢዬን ሳዞር ቆየሁ። ኮሚቴው ዘንድሮ ማኅተሙን የሰጠኝ ሊክሰኝ ፈልጎ ይመስለኛል። ማኅተም ካሳ ይሆናል ብሎ የሚያስብ ኮሚቴ ነው ያለን።

እንግዲህ ይህ ሰው በሕይወቱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የአውራ በጎቹን የብር ዋንጫ። አባቱ አራት ጊዜ ወስዶታል፣ ታላቅ ወንድሙ ሁለት ጊዜ። አምብሮዝ አንድም ጊዜ ወስዶት አያውቅም፤ ዕድሜው ደግሞ ሰባ አንድ ሆነ። የዘንድሮው በጉ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉድ የሚያሰኝ ነበር። ጀርባው እንደ ጠረጴዛ ሰፊ፣ ፊቱ ጥቁር፣ አፍንጫው ነጭ፣ ቀንዱ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ። እንዲህ ያለ በግ ሁለተኛ እንደማያገኝ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን። ዘንድሮ ካልወሰደ ዋንጫውን ሳይነካ ሊሞት ነው።

ስለዚህ ስድስት ሳምንት ሙሉ በጉን ለብቻው ዘጋበት። ወደ ጋጣው ሲገባ ቦት ጫማውን መድኃኒት የተበጠበጠበት ገንዳ ውስጥ ይነክራል፣ ሲወጣም ይነክራል። በቀን ሦስት ጊዜ በባትሪ ከንፈሩን ገልጦ ያያል። እንግዳ ሰው አጥሩን ከተደገፈ ይቆጣል። ጋጣው ውስጥ አይጥ ብትገባ ያውቃል። በገዛ ቤቱ ማን እንዳለ ግን አያውቅም።

በቤቱ ያለችው እህቱ ሄስተር ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ታበስላለች፣ ያንን ነጭ ካፖርት አጥባ ትተኩሳለች፣ የአባቷንና የወንድሟን ዋንጫዎች ትወለውላለች። አምብሮዝ ሲያናግራት ከሦስት ቃል አይበልጥም። ሻይ። ቦቴን። በሩን ዝጊ። ስለ ስድስቱ ቀን ሕግ ለሸለቆው ሁሉ ሲሰብክ ለእሷ አንድ ቀን እንኳ አላስረዳትም፤ ምን ይሠራላታል ብሎ።

ከትርኢቱ በፊት በነበረው ማክሰኞ፣ ከሸለቆው ራስ ላይ አንድ ሽማግሌ እርሻውን ትቶ ዕቃና እንስሳቱን በጨረታ ሲሸጥ፣ የበግ መመገቢያ ልገዛ ስሄድ ሄስተርም አብራኝ መጣች። እኔ መመገቢያዬን ገዛሁ። እሷ ምንም ሳትነግረኝ አንዲት ጆሮዋ የተቀደደ ቡናማ ፍየል ገዛች።

«ዶርካስዬ፣ በተሳቢሽ ታደርሺልኛለሽ?» አለችኝ።

እዚያው ቆሜ ቀኑን ቆጠርኩ፤ አምና ካዋረደኝ ወዲህ መቁጠር ተምሬአለሁ። ማክሰኞ የገባች ፍየል ቅዳሜ ዕለት ስድስት ቀን አይሞላትም። አንድ ቃል ብናገር ሄስተር ፍየሏን ለሳምንት እዚያው ታቆያት ነበር። አልተናገርኩም። ጫንኩላት፣ አደረስኩላት፣ ከማድቤቱ ጀርባ ያለው አሮጌ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ስታስገባት በሩን ያዝኩላት። ሐሙስ መጥታ ፍየሏን ለውድድር ማስመዝገብ እንደምትፈልግ ስትነግረኝም፣ መዝገቡ እኔ ዘንድ ስለነበር መዘገብኩላት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ግን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

አራት ቀን ፍየሏ ከማድቤቱ ጀርባ ጮኸች። አምብሮዝ ያን ሁሉ ቀን በጉ ጋር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ መጣ። በጉ ተሳቢው ውስጥ እንዳለ ከበሩ አጠገብ አቆመውና የራሱን ቅጽ ለራሱ አነበበ፤ «የገባ እንስሳ፣ የለም» ሲል ድምፁ ከወትሮው ጎላ። ማኅተም መታሁለት። ከዚያ ወረፋው ተጀመረ። አንዱን ለጠፋ የጆሮ ቁጥር፣ አንዱን ከንፈሯ ላይ ቁስል ለታየባት ጠቦት እያዋረደ ሲመልስ አረፈደ።

ሄስተር የደረሰችው ወረፋው ሲሞቅ ነው። እርሻቸው ቅርብ ስለሆነ ፍየሏን በገመድ እየሳበች በእግሯ ነው የመጣችው፤ የቤተ ክርስቲያን ባርኔጣዋን አድርጋ ነበር። አምብሮዝ የሰው ፊት የማየት ልማድ የለውም። ወረቀቱን ከእጇ ተቀበለና ማንበብ ጀመረ።

«አንዲት ፍየል፣ ማክሰኞ ገባች» አለ። ፊቱ በራ። «ዘንድሮም እስከ ስድስት መቁጠር ያቃተው አልጠፋም። የእርሻ ቁጥር...»

ቁጥሩ የገዛ እርሻው ነበር። ቀና ሲል እህቱ ቆማለች።

«ይቺ ከየት መጣች?» አላት።

«ተጽፏል እኮ።»

አምብሮዝ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በዚያ በር ላይ ሲያንሾካሹክ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ቀኑን ለውጪው። ባለፈው ሳምንት በይ» አላት። ይህን ያለው የሰውን በግ በአንድ ቀን ልዩነት የሚመልሰው አምብሮዝ ራው ነው። ቅርብ ስለነበርኩ በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ሄስተር በቁጣ አይደለም የመለሰችለት። «ወረቀቱ ሰሞኑን ምን አመጣሽ ብሎ ጠየቀኝ፣ ጻፍኩ» አለችው። «ከሱ በቀር የጠየቀኝ የለም።»

ቢሆንም ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከወረፋው አንዱ፣ አምና አጥብቆ የሳቀብኝ ሰውዬ፣ ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ «አምብሮዝ፣ የማን ቁጥር ነው? ጮክ በል እንጂ፣ አልሰማንህም!» አለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አምብሮዝ ቅጹን ጨብጦ እንደቆመ ቀረ። ሐኪሟ መጥታ ቅጹን አየች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ አምብሮዝን ወደ ጎን ወስዳ በጉን ወደ ቤት እንዲመልሰው ቀስ ብላ ነገረችው። የተሳቢውን መቆለፊያ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነው ያጠበቀው። ያን አይቼ ደስ አለኝ። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ነው።

ደስታዬ ግን አምብሮዝ በጉን ቤት አድርሶ እስኪመለስ ድረስ ብቻ ነው የቆየው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ፎዘርጊል፣ በሩን ዞር ብሎ እንኳ ያላየው ሰው፣ በድምፅ ማጉያ ለሜዳው ሁሉ ንግግር አደረገ። አቶ አምብሮዝ ራው በገዛ እርሻው የተገኘውን ጉድለት ራሱ አጋልጦ፣ የዓመቱን ምርጥ በግ በፈቃዱ ከውድድር አውጥቷል፤ ለእንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው እናጨብጭብ አለ። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። አምብሮዝም ባርኔጣውን አወለቀ። አንድ ቃል አላስተካከለም፤ ግራና ቀኝ አጎንብሶ ተቀበለ። እኔም፣ ሹክሹክታውን በጆሮዬ የሰማሁት፣ አጨበጨብኩ። ዙሪያዬ ሁሉ ሲያጨበጭብ ብቻዬን እጄን ማጣጠፍ ፈራሁ።

ሄስተር ከበሩ ውጭ መንገድ ዳር ፍየሏን ሣር ታስግጥ ነበር። ወንበሬን ትቼ ወደ እሷ ስሄድ አምብሮዝ ቀደመኝ። ፊቱ ዋንጫ የበላ ሰው ፊት ነበር።

«ሰማሽ? ሜዳው ሁሉ ነው ያጨበጨበልኝ» አላት።

«ሰማሁ» አለች። «ረቡዕ ጠዋት ሻይህን ጠጥተህ ዛሬ ይጥማል ብለኸኝ ነበር፤ እንዲህ ብለኸኝ አታውቅም። የሷ ወተት ነበር የገባበት።»

አምብሮዝ ፍየሏን ትንሽ አያት። ከዚያ ከእጁ ያልለቀቀውን ቅጽ አየ። «ስድስት ቀኗ ሲሞላ ትሸጫታለሽ» አለና፣ ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ለማየት ወደ ድንኳኑ ሄደ።

«ስሟን እንኳ አልጠየቀኝም» አለች ሄስተር።

ልረግመው አፌን ከፈትኩ። ከተሳቢዬ ያወረድኳት እኔ ነኝ፣ በመዝገቡ ላይ «አንዲት ፍየል» ብዬ የጻፍኳትም እኔ ነኝ። ያን ሁሉ መንገድ በአንድ መኪና ስንመጣ፣ ቀን ስቆጥር፣ እኔም ስሟን አልጠየቅኳትም። ሄስተር ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።