ታች ሳይነገር ውኃ አይለቀቅም

አብዱሰመድ ደክሞት ይተኛል፣ ደክሞት ይነሣል። ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ግን ከእሱ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ወልድያ ዳገቱ ላይ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ሥራው የጎርፍ ቦይ መጥረግ ነው። በበጋ አቧራውን፣ በክረምት ደለሉን ያወጣል፤ ያወጣውን ንፋስና ዝናብ ይመልሱታል፤ እሱም እንደገና ያወጣል።

ድሮ አገሩ ግራና ሳለ የውኃ አባት ነበር። ጎርፉ ከተራራ ሲወርድ ጠልፎ ለየማሳው የሚያከፋፍል፣ ገበሬው ራሱ የመረጠው ሰው ማለት ነው። የውኃ አባት አንድ ሕግ አለው፤ ታች ላሉት ሳይናገር ውኃ አይለቅም። አብዱሰመድ ሲጣራ ድምፁ ሦስት ማሳ ያልፍ ነበር፤ ከታች «ሰምተናል» የሚል ካልመጣ አካፋውን አያነሣም። መሬቱ ለልጆቹ ተሸንሽኖ ለእሱ መቆሚያ ሲጠፋ ነው ወልድያ የገባው፤ ያውም በየመስከረሙ በሚታደስ ኮንትራት።

ግቢው ሲከፈት ሕንፃው አራት ነበር። የውኃ ምህንድስና መምህርቷ ራሄል ከታችኛው አጥር አጠገብ ኩሬ አስቆፍራ፣ ቦዮቹ ላይ ሣር አስተክላ፣ ጎርፉ እዚያ አርፎ ቀስ እያለ ወደ መሬት እንዲሰርግ አደረገች። አብዱሰመድ ሥራውን አይቶ፣ ይቺ ልጅ ግራና ነው እንዴ ያደገችው ብሎላታል። አሁን ሕንፃው አሥራ አንድ ደርሷል። ሜዳው ኮብልስቶን ለብሷል፤ ኩሬው ግን ያው የአራቱ ኩሬ ነው። ሁለተኛ ይቆፈር ብላ በየስብሰባው ብትወተውት፣ ለኩሬ የታሰበው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ አረፈው። ሕንፃ ሲሆን ሪባን ይቆረጥለታል፤ ለኩሬ ማን ሪባን ይቆርጣል?

ከአጥሩ ወረድ ብሎ እትዬ ኣብርሀት ይኖራሉ። አባታቸው ከትግራይ መጥተው ወልድያ የከተሙ፣ እሳቸውም ዕድሜያቸውን በበርበሬ ንግድ የጨረሱ፣ አሁን እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ባልቴት ናቸው። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አብዱሰመድ በሽቦው ማዶ ሆኖ ሰላም ሳይላቸው አይውልም።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ወረደ። ኩሬው በግማሽ ሰዓት ሞልቶ ወደ ኋላ ተመለሰና የአዲሱን ላቦራቶሪ ደጃፍ ነካ። የጥገና ኃላፊው ፈቃዱ ከጃንጥላው ጋር እየታገለ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማሽኖቹ ቢበላሹ የሚጠየቀው እሱ ነው። የኩሬውን የአፈር ግድብ በታች በኩል ቁረጠው ብሎ አብዱሰመድን አዘዘው።

አብዱሰመድ ወደ ታች ተጣራ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ድምፁን ዋጠው። እንደገና ተጣራ። መልስ የለም። አካፋውን አስቀመጠ።

«ነግሬ ልምጣ» አለ።

ፈቃዱ ጊዜ የለንም እያለ ከኋላው ሲጮህ እየሰማው ሄደ። በዋናው በር ዞሮ መውረድ ለጤነኛ ሰው አሥር ደቂቃ ነው፤ ለእሱ ከዚያም በላይ። እየተንሸራተተ ሲደርስ እትዬ ኣብርሀት አልጋቸው ላይ ነበሩ። የልጆቼን ፎቶ ሳልይዝ አልወጣም አሉ። ከግድግዳው አውርዶ አቀበላቸውና አዘላቸው። ከበሩ አሥር እርምጃ ሳይርቁ ውኃው መጣ። ፈቃዱ መጠበቅ አቅቶት ግድቡን ራሱ ቆርጦት ነበር። ጎርፉ ጉልበቱን ሲገፋው አብዱሰመድ ፈራ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም። የጎረቤት የበር ምሰሶ አቅፎ ቆመ። ከኋላቸው የጭቃው ግድግዳ ሲናድ ሰሙ።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ደረሰው። ጎርፍ በወረደበት ሰዓት የሥራ ቦታውን ጥሎ የሄደበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይላል። መጻፍ ስለሚከብደው ራሄል ቢሮ ሄዶ ጻፊልኝ አላት። እሷ ስለ ኩሬው ልክና ስለ መኪና ማቆሚያው ብዙ ልትል ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን ረጅም ነገር ለመስማት እንኳ አቅም አልነበረውም።

«ታች ሰው ስላለ ነው፣ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ሌላስ አለችው። እትዬ ኣብርሀት የፈረሰው ግድግዳ በላስቲክ ተሸፍኖላቸው እዚያው ተመልሰው ገብተዋል፤ ሌላ የት ይሂዱ። ክረምቱም ገና አልተጋመሰም።

«ነገም ቁረጥ ብትሉኝ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ታች ነው። ይህንንም ጨምሪ።»

ራሄል እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ላይ አነሣች። ይህ ከተጻፈ በመስከረም ኮንትራቱን እንደማያድሱለት ለስለስ ብላ ነገረችው። አብዱሰመድ ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። እሱም ያውቀዋል። ሥራውን ይፈልገዋል፤ ሌላ የለውም።

«እኔ ከሄድኩ ማን ይነግራቸዋል?» አለ።

«እሱንም ልጻፈው?»

«እሱን ተዪው። እሱ ላንቺ ነው።»

ራሄል ወደ ኋላዋ ዞረች። ኩሬውን የነደፈችበት ሥዕል ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ወረቀቱ አጥሩ ጋ ሲደርስ ያልቃል። በዚያ ሁሉ ዓመት ከአጥሩ በታች አንድም ቀን ወርዳ አታውቅም። እንዳዘዛት ጨምራ ጻፈች፤ አስፈረመችው። ከዚያ ወደ እትዬ ኣብርሀት ቤት በየት በኩል እንደሚገባ ጠየቀችው።