የዋሻው ሒሳብ ያዥ

ይሄይስ ክንፈሚካኤል ቋሪት ውስጥ፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ፣ ከመሪጌታ ገብረሰንበት ጉባኤ የሚማር የቅኔ ተማሪ ነበር። ቅኔው ደህና ነው እንጂ ያን ያህል የሚያስደንቅ አልነበረም። የሚያስደንቀው ባሕረ ሐሳቡ ነው። ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን ሌሎቹ ጣታቸውን እያጠፉ ሲጨነቁበት፣ እሱ ከአጎዛው ሳይነሳ ይመልሰዋል። ጓደኞቹም “አዲስ ዓመት እሱን አስፈቅዶ ነው የሚገባ” እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን አጥብቆ በተቀመጠበት በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ክረምት ተማሪ ቤቱ ተፈታ። መንደሩ ተቃጥሎ፣ ገበሬው ጫካ ገብቶ፣ ለተማሪ ቁራሽ የሚሰጥ ደጅ ጠፋ። መሪጌታ ይሄይስን ጠሩና፣

“ልጄ፣ እዚህ ብትከርም የምትማረው ረሃብ ነው። ወይዘሮ ንግሥቴ የአርበኞቹን ስንቅ የሚቆጥርላቸው ሰው አጥተዋል። እስከ መስቀል አገልግላቸው፤ ከእሳቸውም ተማር” አሉት።

“የኔታ፣ ምን እማራለሁ? ሒሳቡንስ አውቀው የለም?”

መሪጌታ ፈገግ አሉ። “የምታውቅ የቀኑን ነዋ። የእህሉን ገና ነህ።”

ወይዘሮ ንግሥቴ ባላቸው በጦርነት የሞቱባቸው፣ የግራዝማች ክንዱን አርበኞች ስንቅ የሚያስተዳድሩ ሴት ነበሩ። ስንቁ ያለው ከገደል ሥር ባለ ደረቅ ዋሻ ውስጥ ነው። ይሄይስ እንደደረሰ በየደብሩ ያለውን ቤት ጠያይቆ፣ ደምሮና አካፍሎ፣ እያንዳንዱ ቤት እኩል የሚያዋጣበትን ልክ አወጣ። የየአጥቢያው ሹሞች፣ ምልክተኞቹም፣ ልኩን ይዘው ሊሰበስቡ ወጡ። እሱ ራሱ በሥራው ተደስቶ ነበር፤ ለአንዱ ቤት አላደላ፣ ሌላውን ቤት አልበደለማ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሀብትነሽ የምትባል ሴት ከማንኩሳ በኩል ጤፍ አዝላ መጣች። ቤቷ ተቃጥሎባታል፤ ልጆቿን ከዘመድ ቤት አስጠግታለች። ይሄይስ ሰፍሮ “ሞልቷል” አለ። ወይዘሮ ንግሥቴ ግን እጃቸውን ከስልቻው አግብተው ጤፉን በጣታቸው መሃል አንጠባጠቡት። እንክርዳድ የለበት፣ ገለባ የለበት፤ አንድ በአንድ የተለቀመ ነው።

“ይሄ የዘር ጤፍ ነው። ለምን አመጣሽው?”

“ድርሻሽ ነው ተባልኩ፣ እሜቴ። ሌላ የለኝም።”

ይሄይስ ፊቱ ፍም መሰለ። ወይዘሮ ንግሥቴ አልተቆጡትም። ጤፉን በዋሻው ቀኝ በኩል ለብቻው አስቀመጡና “ይሄ የኛ አይደለም፤ እስክትዘሪው ድረስ አደራ ነው። ጎተራችሁን ጠላት እንዳያቃጥልባችሁ ጎረቤቶችሽም ዘራቸውን ያምጡ” አሏት። ወደ ይሄይስም ዞረው፣ “ከነገ ጀምሮ ቁናውን እዚህ ትተህ ከእኔ ጋር ትዞራለህ” አሉት።

ዞረ። ጭቃውን እየረገጠ፣ ወንዙን እየተሻገረ፣ ከየቤቱ ደጅ ቆሞ ወይዘሮ ንግሥቴ ሲጠይቁ ይሰማል። ምን አላችሁ ብለው አይጀምሩም። በሬው ስንት ነው? የታመመ አለ? የምታጠባ አለች? ከዱር የገባ ወንድ ልጅ አላችሁ? ይህን ሁሉ ሰምተው ነው ስለ እህል የሚያነሱ። ከአንዱ ቤት ብዙ ይቀበላሉ፤ ከሌላው ምንም አይነኩም፤ ለአንዳንዱም ራሳቸው ሰፍረው ይሰጣሉ። ይሄይስ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቆይቶ ግን የቅኔ ምሥጢር እንደተገለጠለት ተማሪ ደስ አለው። ሐምሌ ሲገባ ብቻውን ይልኩት ጀመር። ገበሬውም “ሐሳበኛው መጣ” እያለ በሩን ይከፍትለታል። ሒሳብ ዐዋቂም ለሰው አሳቢም የሚል ይህን ስም ሲሰማ ልቡ ሞቅ ይል ነበር።

ከሥላሴ በዓል በኋላ ግራዝማች ክንዱ ከቡሬ መንገድ ተዋግተው ተመለሱ። መሪው የሞተበት ሌላ ጭፍራም ተደባልቋቸው ነበርና ሰዉ በዝቷል። የስንቁ ወገን ሳስቷል፤ በቀኝ በኩል ያለው የአደራ ጤፍ ግን እንደ ተራራ ተቆልሏል። የግራዝማች ቀኝ እጅ የነበረ፣ ደረሰ የሚባል ቁጡ ሰው፣ ዋሻው ውስጥ ገብቶ አየው።

“ይህ ሁሉ እህል እያለ ነው ወንድሞቼ የሚራቡ?”

“የገበሬው ዘር ነው፤ አደራ ነው” አሉ ወይዘሮ ንግሥቴ።

“አደራ ጠመንጃ አይሸከምም!”

ግራዝማች እጃቸውን አነሱና ሁለቱንም ዝም አሰኙ። “ሒሳብ ያዡ ይናገር። ይበቃናል ወይስ አይበቃንም?”

ይሄይስ ወይዘሮ ንግሥቴን አያቸው፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል፤ ሊረዱት አላሰቡም። እጅ ነሣና፣

“ጌታዬ፣ ዘሩን የበላ ዘሩ ይጠፋል” አለ።

ቃሉ ሁለት ወገን እንደሆነ ሰው ሁሉ ገባው። አንድ ሽማግሌ አርበኛ “ይበል!” አሉ።

“ቅኔ አያጠግብም” አለ ደረሰ።

“እውነት ነው፣ አያጠግብም። ሒሳቡ ይኸውላችሁ” አለ ይሄይስ፤ ድምፁም እየጠራ ሄደ። “ዳጉሳውና ባቄላው በልክ ከተሰጠ እስከ ፍልሰታ አጋማሽ ያደርሰናል። ጦረኛ ላለመጾም ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱን ትተን እንደ አገሩ ሰው ከጾምን፣ በቀን አንድ ጊዜ ነው የምንበላ፤ ያው ስንቅ እስከ ጾሙ ፍቺ ያደርሰናል። ያን ጊዜ የቆላው በቆሎ እሸት ይሆናል። ጤፍ ግን የሚዘራው አሁን ነው። መሬቱ እኛን አይጠብቅ።”

“የቆሰሉትስ?” አሉ ግራዝማች።

“የቆሰሉት አይጾሙም። የእኔና የእሜቴ ድርሻም ለእነሱ ተጨምሯል።”

ወይዘሮ ንግሥቴ ድርሻቸው ሳይጠየቁ መሰጠቱን ገና ያኔ መስማታቸው ነው። ቀና አሉና ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ግራዝማችም “ዘሩ ለባለቤቱ ይመለስ” አሉ። ደረሰ ይሄይስን ከእግር እስከ ራሱ አየው። “እጾማለሁ። ሒሳቡ የተሳሳተ እንደሆነ ግን አንተን ነው የምበላ!” ሰው ሁሉ ሳቀ።

በማግስቱ ገበሬው መጥቶ ዘሩን ወሰደ። ሀብትነሽም የራሷን አዝላ ሄደች። ሲዘራ አርበኞቹ ከኮረብታው ላይ ሆነው ይጠብቁ ነበር፤ ባልና ወንድም ለሌላቸውም ወርደው ያርሱላቸው ነበር።

ፍልሰታ ሲጋመስ ሒሳቡ ተናጋ። ቤቱ የተቃጠለበት የሌላ መንደር ሰው ከነልጆቹ ዋሻው ደጅ መጣ፤ ተመለስ ማለት አይቻል። ባቄላው ከታሰበው ቀን ቀድሞ ተንጠፈጠፈ። ይሄይስ እንዲህ ያለውን በየትኛውም ስሌት አላስገባውም ነበርና ጭንቅ ያዘው። ለመለመን ወደ ማንኩሳ ሊወርድ ኩታውን ሲያጣፋ፣ በጠባቡ መንገድ ላይ ሰዎች ተሰልፈው ሲወጡ አየ። ሀብትነሽ ፊት ናት። ድንች፣ ጎመን፣ ከቆላ ዘመዶቻቸው ያመጡትን የደረሰ በቆሎ ተሸክመዋል።

“ማን ላካችሁ?” አላቸው።

“ማን ይልከናል? ስትዞር የኛን ችግር ስትጠይቅ ከረምህ፤ የናንተን እኛ ብንጠይቅ ነውር ነው?” አለች ሀብትነሽ።

ይሄይስ ሸክሟን ተቀበላት።

ጾሙ በተፈታበት ቀን ደረሰ የተጠበሰ በቆሎ ይዞ መጣና ለሁለት ሰብሮ ትልቁን ሰጠው። “ተርፈሃል” አለው፤ አጠገቡም ተቀምጦ አብሮት በላ።

መስቀል ሲያልፍ ወይዘሮ ንግሥቴ ይሄይስን ብቻውን አልሰደዱትም። በቅሏቸውን አስጭነው እስከ ጉባኤው ድረስ ራሳቸው ሸኙት።

“ምን ተማረ?” አሉ መሪጌታ።

“የኔታ፣ ምን ብዬ ልንገርዎ? እኔ ስንቅ ይቁጠርልኝ ብዬ ተቀበልሁት፤ አሁን አገር ብሰጠው የሚያሳድር ሰው ነው። የከርሞን ክረምትም ለሌላ እንዳይሰጡብኝ።”

መሪጌታ ተማሪያቸውን ከአጠገባቸው አስቀመጡት፤ ያ ቦታ የአንጋፎቹ ነበር።

ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ይሄይስ ክረምት ክረምቱን በዋሻው ከረመ። ከነፃነት በኋላም ፍኖተ ሰላም ላይ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲቀጠር ሹሙ “ሒሳብ ከየትኛው ትምህርት ቤት ተማርህ?” ብለው ጠየቁት። ይሄይስ ኩታውን አስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ “ከወይዘሮ ንግሥቴ ዘንድ” አለ።